ሱሪው ላይ የሚያመልጠው ልጅ ታሟል፦ ለክፍለ ከተማችን ጤናና ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ለክፍለ ከተማችን ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ለክፍለ ከተማችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ጉዳዩ፦ በመስከረም ወር ለመዋዕለ ሕፃናትና ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተበተነው ማሳሰቢያ እንዲታረም ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ፣ ልጆቻችን ለወራት አንዳንዶቹም ለዓመታት በሆድ ድርቀትና ድርቀቱ በሚያመጣው ሰገራ ሱሪ ላይ የማምለጥ ችግር የተያዙብን 14 ወላጆችና አሳዳጊዎች ነን። የተዋወቅነው በአንድ የሕፃናት ክሊኒክ ደጃፍ ተራ ስንጠብቅ ነው። እያንዳንዳችን ችግሩ በእኛ ቤት ብቻ ያለ ይመስለን ስለነበር፣ አንዲት እናት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "የእርስዎም ልጅ ያመልጠዋል?" ብላ እስክትጠይቅ ድረስ ለጎረቤት ቀርቶ ለእኅት ለወንድም እንኳ አውርተነው አናውቅም ነበር። ዛሬም ስማችንን ሳንጠቅስ የምንጽፈው ልጆቻችን በክፍል ጓደኞቻቸው ዘንድ በዚህ እንዲታወቁ ስለማንፈልግ ነው።

ለመጻፍ ያነሣሣን የትምህርት ዘመኑ ሲከፈት ከሁለቱ ጽሕፈት ቤቶች በጋራ ወጥቶ በየትምህርት ቤቱ የተለጠፈው የአንድ ገጽ ማሳሰቢያ ነው። የመጀመሪያው አንቀጽ የልጆች ሆድ ድርቀት አትክልትና ፍራፍሬ በመመገብና ውኃ በማጠጣት የሚስተካከል መሆኑን ገልጾ፣ ወላጆች አንጀት ያስለምዳል የተባለውን ማለስለሻ መድኃኒት ከመስጠት እንዲቆጠቡ፣ ትምህርት ቤቶችም ይህን መሰል መድኃኒት ከወላጅ ተቀብለው እንዳያስቀምጡ ያዝዛል። ሁለተኛው አንቀጽ ሰገራውን መቆጣጠር ያልቻለ ልጅ መቆጣጠር እስኪችል ድረስ ቤቱ እንዲቆይ ለትምህርት ቤቶች ይፈቅዳል። አንቀጾቹ ለየብቻቸው ሲነበቡ ከቅን ልብ የወጡ ሊመስሉ ይችላሉ። በአንድ ልጅ ላይ አብረው ሲያርፉ ግን የመጀመሪያው መዳኛውን ይከለክለዋል፣ ሁለተኛው ደግሞ ባለመዳኑ ከትምህርት ገበታው ያስነሣዋል። ላለፉት ሦስት ወራት በልጆቻችን ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

በቅድሚያ ስለ ምግብ አንድ ነገር ልናስረዳችሁ እንወዳለን። ከእኛ መካከል ምግብን የናቀ፣ ልጁን በብስኩትና በታሸገ ጭማቂ አሳድጎ ኋላ መድኃኒት ፍለጋ የወጣ ሰው የለም። ተልባ ቆልተን፣ ወቅጠን፣ አጥልለን አጠጥተናል። ፓፓያ በየማለዳው ገዝተናል፤ ጎመን፣ በሶ፣ ሽሮ፣ ምስር አብልተናል፤ ፓስታና ነጭ ሩዝ ከቤታችን ያስወጣን አለን። አንድ አባት ለልጁ ብርቱካን ለማድረስ የራሱን የትራንስፖርት ገንዘብ እየቆጠበ አራት ወር በእግሩ ወደ ሥራ ተመላልሷል። ይህን ሁሉ ካደረግን በኋላም ልጆቻችን በሳምንት አንዴ፣ ያውም እያለቀሱ ነበር የሚወጣላቸው፤ በመካከሉም ሱሪያቸው በየቀኑ ይበላሽ ነበር። ስለዚህ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደን "ፍራፍሬ ስጡት" የሚል ምክር ብቻ ይዘን ስንመለስ የተሰማንን ለመረዳት አያስቸግራችሁም።

ይህን ደብዳቤ በቡድኑ ስም የማረቅቀው እኔ ስለሆንሁ የራሴን ልጅ ነገር በዝርዝር ብጽፍ የሌሎቹንም ያስረዳልኛል። ልጄ አሁን 6 ዓመቱ ነው። ሦስት ዓመት ተኩል ሳለ ትኩሳት ይዞት ለቀናት ሳይበላ ሰነበተ፤ ከዚያ በኋላ የወጣው ሰገራ ከመድረቁ የተነሣ ፊንጢጣውን ሰነጠቀውና ደም አየን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሲመጣበት ከመጋረጃው ጀርባ ይገባል፣ እግሮቹን ያጣምራል፣ በጣቶቹ ጫፍ ይቆማል፣ ላብ ያጠምቀዋል። እኛ የሚያምጥ መስሎን "አይዞህ፣ ግፋ" እንለው ነበር። እርሱ ግን በሙሉ ኃይሉ እየያዘ ነበር። ይህን ለመረዳት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ከዚህ በላይ የሚጸጽተኝም ነገር የለም።

ኋላ ያየው የሕፃናት ሐኪም እንዳስረዳኝ፣ ሰገራ በትልቁ አንጀት ውስጥ በዘገየ ቁጥር አንጀቱ ውኃውን ይመጥጠዋል፤ ሰገራው ይደርቃል፣ ይገዝፋል። የገዘፈው ሲወጣ ያምማል፤ ያመመው ልጅ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ አጥብቆ ይይዛል። እንዲህ ሲደጋገም የአንጀቱ መጨረሻ እየተለጠጠ ይሄድና "ሞልቷል፣ ውጣ" የሚለውን ስሜት ማስተላለፍ ይሳነዋል። ከላይ የሚመጣው ለስላሳ ሰገራ በተጋገረው ዙሪያ እየሾለከ ሱሪ ላይ ይፈስሳል። ልጁ ሲፈስስ አይሰማውም፤ ሽታውንም ስለለመደው ሌሎች አፍንጫቸውን ሲይዙ ነው የሚያውቀው። ሆድ ዕቃው ውስጥ የተከመረው ሰገራ ፊኛን ስለሚጫንም አንዳንዱ ልጅ ሽንቱን መቆጣጠር ያቅተዋል፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም ይመላለስበታል። ሐኪሙ ይህን ሲነግረኝ እጄን ይዞ የልጄን ሆድ አስዳሰሰኝ፤ ከእምብርቱ በታች በግራ በኩል ጠጣር ነገር ነበር። ያን እብጠት በየማታው ስጦታ እንደሚያቅፍ ሰው አቅፌው ስተኛ ኖሬ አላወቅሁትም።

ከዚያ በፊት ልጄን ሦስት ጊዜ ጤና ጣቢያ ወስጄዋለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ሱሪው ላይ ቀጭን ሰገራ ስለታየ ተቅማጥ ነው ተብሎ የአሜባ ሽሮፕ ተሰጥቶት ተመልሷል፤ ሆዱን የዳሰሰ ባለሙያ አልነበረም። ባለሙያዎቹን ለመክሰስ አላነሣሁትም። በቀን ምን ያህል ሰው እንደሚያዩ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ አይቻለሁ። ነገር ግን ከ14ታችን 9ኙ ይህንኑ የአሜባ ወይም የተቅማጥ መድኃኒት ታዝዞልናል፤ እንግዲህ ስሕተቱ የአንድ ሰው ብቻ ሊሆን አይችልም፤ ከሥልጠና ጉድለት የመጣ ነው ብለን እናምናለን።

አሁን ወደ ዋናው ነጥባችን እንገባለን። ምግብ ድርቀትን ይከላከላል፤ ከድርቀት የዳነ ልጅም ተመልሶ እንዳይወድቅ ይረዳዋል። አንጀቱ ውስጥ ሰገራ ለተጋገረበትና ሱሪው ላይ ለሚያመልጠው ልጅ ግን ብቻውን አይበቃም። መውጫው በተደፈነ ሆድ ላይ ተልባና ጎመን ሲጨመር መጠኑ ይበዛል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ልጁ ምግብ ይጠላል። በመጀመሪያ የተጋገረው በመድኃኒት ለስልሶ መውጣት አለበት፤ ቀጥሎ አንጀቱ ወደ ቀድሞ መጠኑ እስኪመለስ ድረስ ሰገራው በየቀኑ ለስላሳ ሆኖ እንዲወጣ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ምግቡ፣ ውኃውና ሽንት ቤት የመቀመጥ ልማዱ ከዚህ ጋር አብረው ይሄዳሉ።

ይህ የእኛ የወላጆች ፈጠራ አይደለም። ናይስ በሚል ስም የሚታወቀው የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ በድርቀት ለሚሠቃዩ ልጆች የአመጋገብ ለውጥን ብቻውን የመጀመሪያ ሕክምና አድርጎ መስጠት እንደማይገባ በግልጽ አስፍሯል። የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ የሕፃናት የጨጓራ፣ የአንጀትና የጉበት ሐኪሞች ማኅበራት በ2014 እ.ኤ.አ. በጋራ ያወጡት መመሪያም ፖሊኢትሊን ግላይኮል የተባለውን ዱቄት የመጀመሪያ ምርጫ፣ እርሱ በማይገኝበት ላክቱሎስ የተባለውን ሽሮፕ ተተኪ አድርጎ ያስቀምጣል። ስለ ምግብ የሚለው ልጁ ለዕድሜው የሚገባውን ያህል አሰር፣ በተለምዶ ፋይበር የምንለውን፣ እንዲያገኝ ነው፤ ከዚያ በላይ መጨመር ድርቀቱን እንደሚያድን ማስረጃ አላገኘሁም ይላል። ብዙ ጊዜ በሚጠቀሰው ስሌት መሠረት ለአንድ ልጅ በቀን የሚያስፈልገው አሰር በዕድሜው ላይ 5 ተደምሮ በግራም የሚገኘው ነው፤ ለ6 ዓመት ልጅ 11 ግራም ማለት ነው። በ100 ግራም የጤፍ ዱቄት ውስጥ 8 ግራም ገደማ አሰር አለ። እንጀራ በሽሮና በጎመን የሚበላ የአዲስ አበባ ልጅ ከዚህ መጠን የሚጎድለው ጥቂት ነው፤ ድርቀቱ ግን በእርሱም ላይ ይወድቃል። ስለዚህ "ምን አብልታችሁት ነው?" የሚለው ጥያቄ የመጀመሪያው ጥያቄ መሆን አልነበረበትም። "ሲመጣበት ይይዛል ወይ? ሱሪው ላይ ያመልጠዋል ወይ?" ተብለን ብንጠየቅ ኖሮ ብዙዎቻችን ዓመታት እናተርፍ ነበር።

አንጀት ያስለምዳል የሚለው ስጋት ከየት እንደመጣ እንረዳለን። ለአዋቂ የተሠራውን ቢሳኮዲል የተባለ፣ አንጀትን እየቆነጠጠ የሚያሠራ እንክብል እየሰበረ ለሕፃን የሚሰጥ ሰው በሠፈራችን አለ፤ እርሱን መከልከል ተገቢ ነው። ማሳሰቢያው ግን ሁሉንም በአንድ ስም ጠቅልሎ ከልክሏል። ላክቱሎስና ፖሊኢትሊን ግላይኮል የሚሠሩት ውኃን ሰገራው ውስጥ ይዘው በማቆየት ነው። አንጀቱን እየቆነጠጡ የሚያሠሩ አይደሉም፤ በሐኪም መጠን ተወስኖላቸው ለወራት ሲወሰዱም አንጀትን ሰነፍ አያደርጉም። መድኃኒቱ ቶሎ ሲቋረጥ ድርቀቱ የሚመለሰው የተለጠጠው አንጀት ገና ስላልተሰበሰበ ነው። ወላጅ ይህን ሲያይ "አየህ፣ አስለመደው" ይላል፤ ፋርማሲስቱም ይህንኑ ይደግምለታል። ከላይ የጠቀስነው የ2014 እ.ኤ.አ. መመሪያ ሕክምናው ቢያንስ 2 ወር እንዲቀጥል፣ ምልክቶቹ ሁሉ ከጠፉ በኋላም አንድ ወር ቆይቶ ቀስ በቀስ እንዲቀነስ ይመክራል። በልዩ ሐኪሞች ክትትል ሥር ካሉ ልጆች እንኳ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ድነው መድኃኒቱን ያቆሙት ግማሽ ያህሉ ናቸው። ረጅም መንገድ መሆኑን ቀድሞ የነገረን ቢኖር በሁለተኛው ሳምንት ተስፋ ባልቆረጥን ነበር።

የእኔ ልጅ የተጋገረውን ለማስወጣት መጠኑ በየቀኑ እየጨመረ የሚሄድ መድኃኒት ታዘዘለት፤ ለ6 ቀን ከቤት አልወጣንም። ያ ሳምንት ቀላል አልነበረም፤ ልብስ ማጠብ የማያቋርጥ ሥራ ሆኖብኝ ነበር። በ7ኛው ቀን ግን ልጄ ራሱ "እማዬ፣ ሆዴ ቀለለኝ" አለኝ፤ ለሁለት ዓመት ያልበላውን ያህልም በላ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ላክቱሎስ እየወሰደ፣ ከቁርስና ከእራት በኋላ ለ5 ደቂቃ ያህል እግሩን መርገጫ ላይ አሳርፎ እየተቀመጠ 5 ወር ሞላው። ምግብ ሲበላ አንጀት ስለሚነቃቃ ከምግብ በኋላ መቀመጡ እንደሚረዳ፣ እግር በአየር ላይ ሲንጠለጠል ደግሞ ማማጥ እንደሚከብድ ሐኪሙ ነው ያስረዳኝ። በሳምንት አንድ ቀን ቢያመልጠው ነው፤ ያውም በጉዞ ወይም በድግስ ቀን። መስከረም ላይ ማሳሰቢያው ሲለጠፍ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ መድኃኒቱን መልሳ በእጄ ሰጠችኝ፤ ለአጎቱም "ሐኪሞቹ ራሳቸው ከልክለዋል" ብላ አሳየችው። በቤተሰቡ ውስጥ ያን ጊዜ የተነሣው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም።

የሌሎቻችንን ጉዳይ በአጭሩ እንገልጻለን። የ5 ዓመት ልጅ ያላት እንጀራ እየጋገረች የምትሸጥ እናት፣ ልጅቷ በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ ስላመለጣት "እስክትቆጣጠር ቤት ትቆይ" ተብላ ከጥቅምት መጀመሪያ ጀምሮ ቤት አውላታለች። ልጅ ጥላ ወደ ገበያ መውጣት ስላልቻለች ገቢዋ ተቋርጧል፤ ልጅቷም ፊደል መቁጠር በጀመረችበት ወር ተነጥላለች። አንዲት አያት ደግሞ የታዘዘላቸውን ላክቱሎስ በአራተኛው ቀን ያቆሙት ማሳሰቢያውን አንብበው ነው፤ በምትኩ ሠፈር ውስጥ እንደሚደረገው ሳሙና ቀርጸው መክተት ጀመሩ፤ ሕፃኑ አሁን ሽንት ቤት ሲባል ብቻ ይንቀጠቀጣል። አንዲት የ8 ዓመት ተማሪ የትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት በር ስለሌለው ጠዋት ውኃ መጠጣት አቁማ፣ ምሳ ዕቃዋን ሳትከፍት እየመለሰች፣ ለሦስተኛ ጊዜ በሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ታክማለች። ልጆች ውኃ እንዲጠጡ በግድግዳ ላይ ጽፎ፣ የጠጡትን የሚያወጡበትን ስፍራ መዝጋት እንዴት እንደሚታረቅ አልገባንም።

ስለ ሽንት ቤቱ ትንሽ እንቆይ፤ የድርቀቱ ግማሽ የሚበቅለው እዚያ ነውና። ከልጆቻችን ትምህርት ቤቶች በአብዛኞቹ ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ በማይመጣበት ቀን ሽንት ቤቱ ይቆለፋል። ቁልፉ ከሞግዚቷ ወይም ከጥበቃው ዘንድ ነው። በክፍል ሰዓት እጅ አውጥቶ የጠየቀ ልጅ እስከ ዕረፍት እንዲጠብቅ ይነገረዋል፤ በዕረፍት ደግሞ ሰልፍ አለ። ትንንሾቹ የመሬት ሽንት ቤቱን ቀዳዳ ይፈራሉ፤ በቤታቸው ፖፖ የለመዱ ናቸው። አንድ ልጅ በቀን 7 ወይም 8 ሰዓት እየያዘ ከዋለ፣ ማታ እናቱ የምትሰጠው ፓፓያ ያን ሁሉ ሰዓት ሊመልስለት አይችልም።

ልጅን በዚህ ምክንያት ማሳፈርና መምታትም አለ። አንድ ልጅ ጃኬቱን ወገቡ ላይ አስረው ጥግ እንዲቆም ተደርጓል፤ ሌላው "ሽታው" የሚል ቅጽል ከመምህሩ አፍ ወጥቶለት በክፍል ውስጥ ቀርቶበታል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ውስጥ አካላቸውን ከሚጎዳና ከጭካኔ ወይም ኢሰብአዊ ከሆነ ቅጣት የመጠበቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ሕመም የሆነን ነገር በቅጣት ማረም ከሕጉ ጋር ከመጣረሱ ሌላ በሽታውን ያባብሳል፤ የፈራ ልጅ ይይዛልና።

በማሳሰቢያው ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራን ደግሞ ያልተጻፈው ነው። አብዛኛው የልጆች ድርቀት ሌላ የተደበቀ በሽታ የለውም። ጥቂቱ ግን አለው፤ ያን ለመለየት የሚረዳ አንድም መስመር ገጹ ላይ የለም። ከእኛ መካከል የአንዷ ልጅ ሲወለድ የመጀመሪያውን ጥቁር ሰገራ እስከ ሦስተኛው ቀን አላወጣም ነበር። ሆዱ እየተነፋ፣ እያስመለሰው፣ ክብደት አልጨምር ብሎ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆነው፤ በየሄደችበት ሁሉ የሚሰጣት ምክር ውኃና ፍራፍሬ ነበር። በመጨረሻ ሂርሽፕሩንግ የሚባለው፣ በአንጀት መጨረሻ ክፍል ነርቮች ሳይፈጠሩ የሚቀሩበት በሽታ መሆኑ ታውቆ በቀዶ ሕክምና ዳነ። በሽታው ከ5,000 ሕፃናት በአንዱ ገደማ የሚታይ ነው፤ ነገር ግን በተወለደ በ48 ሰዓት ውስጥ ሰገራ ያላወጣ ልጅ፣ ድርቀቱ ከተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የጀመረው፣ ሆዱ ተነፍቶ የሚያስመልሰው፣ እግሮቹ የሚደክሙት፣ ዕድገቱ የቆመ ልጅ በአስቸኳይ ለሐኪም መታየት እንዳለበት መጻፍ ሁለት መስመር አይፈጅም ነበር። "በምግብ ይስተካከላል" የሚለው ቃል ለዚያች እናት ሁለት ዓመት ተኩል አስከፍሏታል።

ስለ መድኃኒቱ አቅርቦትም ሳንናገር አናልፍም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት የሆንን ወላጆች ላክቱሎስ በታዘዘልን ጊዜ በጤና ጣቢያው መድኃኒት ቤት ባለመኖሩ ከግል ፋርማሲ በኪሳችን እንገዛለን። በቀን ሁለት ጊዜ 10 ሚሊ ሊትር የታዘዘለት ልጅ 200 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን ጠርሙስ በ10 ቀን ይጨርሰዋል፤ ለ2 ወር 6 ጠርሙስ ማለት ነው። ብዙዎቻችን ሁለተኛውን ጠርሙስ ገዝተን ሦስተኛው ላይ እንቆማለን። ከዚያ ድርቀቱ ይመለሳል፤ እኛም መድኃኒቱ አልሠራም ብለን ወደ ሳሙናውና ወደ ጉሎ ዘይቱ እንሄዳለን።

በማሳሰቢያው ውስጥ የምንደግፈው ነገር አለ። ምሳ ዕቃ በብስኩትና በቺፕስ እንዳይሞላ የሚለው ምክር ትክክል ነው፤ የላም ወተት በብዛት የሚጠጡና ሌላ ምግብ የማይቀምሱ ልጆች ያሏቸው ወላጆችም መጠኑን እንዲቀንሱ ቢመከር ጥሩ ነበር። ይህ ክፍል ይቆይልን።

የምንጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው።

ማለስለሻ መድኃኒትን በጅምላ የሚከለክለው አንቀጽና መቆጣጠር ያልቻለ ልጅ ቤቱ እንዲቆይ የሚፈቅደው አንቀጽ በጽሑፍ እንዲሻሩ፣ መሻራቸውም ማሳሰቢያው በተለጠፈበት ሰሌዳ ሁሉ እንዲለጠፍ እንጠይቃለን። ከሁሉ አስቀድመን የምንፈልገው ይህን ነው፤ ቤት የዋሉት ልጆችም የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ወደ ክፍላቸው እንዲመለሱ።

በምትኩ የሚወጣው ጽሑፍ በሕፃናት ሐኪሞች እንዲዘጋጅ፣ ምግብ የት ላይ እንደሚረዳ፣ መድኃኒት መቼ እንደሚያስፈልግና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚወሰድ፣ በአስቸኳይ ሐኪም ማየት ያለበት ልጅ የትኛው እንደሆነ በግልጽ አማርኛ እንዲያስረዳ።

በጤና ጣቢያ ሕፃናትን የሚያዩ ባለሙያዎች ሱሪ ላይ የሚያመልጠውን ልጅ ተቅማጥ ብለው ከማከማቸው በፊት ሆዱን እንዲዳስሱና ስለ መያዝ እንዲጠይቁ አጭር ሥልጠና እንዲሰጣቸው፤ ላክቱሎስ ወይም ተመሳሳዩ በጤና ጣቢያዎቹ መድኃኒት ቤት ሳይቋረጥ እንዲገኝ፣ ለመድን አባላትም ቢያንስ የ2 ወሩ ሕክምና እንዲሸፈን።

በትምህርት ቤቶች በኩል፣ ልጅ በጠየቀ ጊዜ ሁሉ ሽንት ቤት እንዲፈቀድለት፣ ሽንት ቤቶቹ በርና የተጠራቀመ ውኃ እንዲኖራቸው፣ በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት በጽሑፍ ማስረጃ ተቀብሎ የሚሰጥ ሰው እንዲመደብ፣ ቅያሪ ልብስ በቦርሳው ይዞ ለሚመጣ ልጅም ጓደኞቹ በማያዩት ቦታ የሚለውጥበት ስፍራ እንዲዘጋጅ። ይህን ለማድረግ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም። በአንድ ትምህርት ቤት አንዲት ሞግዚት ይህን ሁሉ በራሷ ፈቃድ ስታደርግ አይተናል፤ የልጁን ቅያሪ ሱሪ በነጠላዋ ጠቅልላ ታስቀምጥለት ነበር።

ጽሕፈት ቤታችሁ በሚወስነው ቀን ከሐኪም የተጻፉልንን ማስረጃዎች ይዘን ቀርበን ለማስረዳት ዝግጁ ነን። መልሳችሁን በየትምህርት ቤቱ የወላጅ ኮሚቴ በኩል እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

በክፍለ ከተማው በሆድ ድርቀትና ሰገራ በማምለጥ ችግር የሚታከሙ ልጆች ያሏቸውን 14 ወላጆችና አሳዳጊዎች በመወከል፣
የአንድ የ6 ዓመት ተማሪ እናት

ግልባጭ፦
ለየትምህርት ቤቱ የወላጅ፣ የመምህርና የተማሪ ኅብረት